ከጎሹ እግር የወጣው ሽቦ

አስራትዬ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ቤታችን ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስቀይሬዋለሁ፤ ልጅህ ሜሮን ስድስተኛ ክፍል ገብታለች።

ባለፈው ቅዳሜ አንተ ጎብኚዎችን ስትመራበት ወደኖርክበት የተፈጥሮ ማዕከል ሄድኩ። ካንተ በኋላ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ሜሮን ከክፍሏ ልጆች ጋር ልትጎበኝ ስትል «እማዬ፣ ያላንቺ አልገባም» አለችኝና ከቦንጋ በባጃጅ ወጣን።

የእግር መንገዱ ላይ ስንደርስ የሞትክበት ቀን ፊቴ ላይ መጣብኝ። ያን ቀን ምሳህን ይዤልህ እየመጣሁ ነበር። ጎሹ ቁጥቋጦውን ጥሶ ሲወጣ የምታስጎበኛቸውን ተማሪዎች ወደ ትልቁ ዛፍ ጀርባ ገፋህና አንተ ፊት ለፊቱ ቆምክ። በቀንዱ አንሥቶ መሬት ላይ ፈጠፈጠህ። ዞሮ መጣና ደግሞ ወጋህ፤ ረገጠህ። ጥበቃዎቹ ተኩሰው ሲጥሉት ደረትህ ተከፍቶ ነበር። ነጠላዬን ብወትፍበት ደሙ አልቆም አለኝ።

አሁን የጎሹን ራስ ቅል አዳራሹ ውስጥ ሰቅለውታል። ከሥሩ፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ፣ እግሩን እስከ አጥንቱ የቆረጠው የወጥመድ ሽቦ አለ። አስጎብኚዋ «አውሬው ያበደው በዚህ ሕመም ነው» አለች። ሽቦው ሰማያዊ ፕላስቲክ የለበሰ ነው። ሜሮን በጥፍር ቀለም ያንጠባጠበችበት ቀይ ምልክት ሳይቀር አለበት። የእኛ የልብስ ማስጫ ነው፣ አስራትዬ። ወንድሜ ታደሰ «አጥር ላስርበት» ሲለኝ ፈትቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሜሮንን ለመምህሯ ትቼ በቀጥታ ጫካው ጥግ ወዳለው የታደሰ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ያገኘሁትን የመጥረቢያ እጀታ አንሥቼ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ ፊቱን መታሁት። አልሸሸም። አፍንጫው እየደማ «ምቺኝ እህቴ፣ ዓመት ሙሉ ስጠብቅሽ ነበር» አለኝ። ለከርከሮ ብሎ ያጠመደው ነበር፤ ጎሹን እንደያዘበት ያወቀውም በቀብርህ ማግስት። እጄ እስኪዝል መታሁት፤ ከዚያ አጠገቡ ወድቄ ጮህኩ።

በማግስቱ የቀሩትን ወጥመዶች እየመራ አሳየኝና አብረን ነቀልናቸው። ሰኞ ጠዋት ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ይቅር አላልኩትም፤ አልዋሽህም።

ሜሮን ሽቦውን ለማን እንደሰጠሁት እስካሁን አታውቅም። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እነግራታለሁ። ልትጠላኝ ትችላለች። ቢሆንም በሕይወት እስካለሁ ስምህን ሳነሣ የእኔን እጅ ደብቄ አላነሣውም።

ባለቤትህ