ከሁሉ ቀድመው ገበያ የወጡት የጋሽ ቀዳሚ የሕይወት ታሪክ

ሰው ሁሉ ጋሽ ቀዳሚ እያለ የሚጠራቸው ታላቅ ወንድማችን ከአትክልተኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከፖም እርሻው ጥግ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ አንዱ ክፍል የእኛ፣ ሌላው የችግኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወደ ውጭ የምንወጣው እኛ ነበርን እንጂ ችግኙ አልነበረም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታችን ሲያርፉ በ1957 ዓ.ም. እርሻውን ተረከቡ። በ1966 ዓ.ም. ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ቅጽል ስማቸውን ያገኙት በሥራቸው ነው። ከብርዱ ወራት በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያብበውን ፖም እየመረጡ፣ ቅርንጫፉን ከሌላ ግንድ ጋር እየገጠሙ ሠላሳ ዓመት ለፉ። የሌላው ሰው ፍሬ ገና ጥሬ ሳለ የእሳቸው ገበያ ይደርስ ነበር። ዘግይቶ የሚነቃውን ችግኝ «እንቅልፋም» ብለው ሲጥሉ ታናሽ ወንድማችን እየለቀመ በራሱ ድርሻ መሬት ላይ ተከለው። እሱንም «እንቅልፉ» አሉት፤ ሰው ሳቀ፣ እሱም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ብርዱ ጠባዩን ለወጠ። በወራቱ መካከል አንድ ሁለት ሳምንት ይሞቅ ጀመር። የጋሽ ቀዳሚ ዛፎች ብርዱ ያለፈ መስሏቸው ነቁ፣ አበቡ። ሰውም ፎቶ ሊነሣ ተሰለፈ። በ2005 ዓ.ም. ሙቀቱን ተከትሎ የወረደው ውርጭ አበባውን ብቻ አልወሰደም፤ ግንዱን ሰንጥቆ ዛፎቹን ገደላቸው። ተኝተው የቆዩት የእንቅልፉ ዛፎች ግን ምንም አልሆኑም። ታናሻችን ለመግጠሚያ የሚሆን ቅርንጫፍ ይዞ ወደ ጋሽ ቀዳሚ ቤት ሄደ። ክፉ አላሰበም፤ አፉ ግን አያርፍም። «ጋሼ፣ እንቅልፍ ይዤልህ መጣሁ» አላቸው። በሩን ዘጉበት። ዐሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። እኔ እኅታቸው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስመላለስ ጫማ ጨረስኩ። ሁለቱንም ተቀይሜያለሁ፤ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ብርዱ ጭራሽ ጠፋ። እንቅልፋሞቹ በቂ ብርድ ካላገኙ በደንብ አይነቁም፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ቅጠል አውጥተው ያለ ፍሬ ቀሩ። ሁለቱም ወንድሞቼ ተሸነፉ ማለት ነው።

ጋሽ ቀዳሚ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ታናሻችን ይህንኑ ሊነግራቸው መጣ። ቢሰሙት ከሕመማቸውም ቀና ይሉ ነበር። ክፍሉ በር ላይ ቆመ፤ አየኋቸው፣ ነቅተው ነበር። እሱ ግን አልገባም። «እንዲህ ሆኜ አያየኝም። ነገ ተላጭቼ እመጣለሁ» ብሎኝ ተመለሰ።

ጋሽ ቀዳሚ በማግስቱ ጠዋት፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ታናሻችን ተላጭቶ ደረሰ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ እኔን፣ እንዲሁም እዚህ ሳጥኑ አጠገብ የቆመውን ወንድማቸውን ትተውን ሄደዋል። ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ እኛን ደግሞ ከ«ነገ» ይሰውረን።