እናትሽ ያልጠጡት ሻይ

ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

እናትሽ ሻዩን አልገዙኝም።

ውድ ፋዲላ፣

ይህን የምጽፍልሽ ጉርድ ሾላ፣ የሻዩ ካምፓኒ ቢሮ ወረፋ እየጠበቅሁ ነው። ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው አለ። የአዲሷን የሒሳብ አስተማሪ፣ የትሕትናን፣ መታወቂያ ቅጂ ይዣለሁ። ዛሬ በሻጭነት ከሥሬ ላስመዘግባት ነው የመጣሁት። እሷ ስትገባ እኔ በደረጃ ከፍ እላለሁ፤ ያስገባሽኝ አንቺ ነሽና አንቺም ከፍ ትያለሽ። በአካል ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ለሁሉም ነገር መልስ አለሽ፤ እኔ ደግሞ ስከራከር ድምፄ ይንቀጠቀጣል።

ስምንት ወር ሙሉ ያስተማርሽኝ እምቢ መባልን መቻል ነው። «አስረሴ፣ እምቢ ያለሽ ሰው አንቺን አልጠላም፤ ገና አልገባውም» ትይኝ ነበር። በእረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍሉን በር ዘግተሽ ታለማምጂኝ ነበር። አንቺ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ትሆኛለሽ፣ እኔ እሸጥልሻለሁ። እናትሽን ስትሆኚ ሻርፕሽን ወደ ግንባርሽ ትስቢና «ልጄ፣ እኔ አሁን የማስበው ስለ ጀነት ነው፣ ስለ ወገቤ አይደለም» ትያለሽ። እንባዬ እስኪመጣ እስቅ ነበር።

ውጭ ያለው ሰው ግን አያስቅም። መገናኛ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ አብሮኝ የተማረው ተክለብርሃን ገና ሲያየኝ ስልክ የሚያወራ መሰለ። ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ ጠራ። ሁለታችንም ሰማነው። እንዳስተማርሽኝ ፈገግ አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ይዘሽኝ የወጣሽውንም አልረሳሁትም። «ጤና የሚፈልግ ሰው ሁሉ እዚህ ነው ያለው» ብለሽኝ። ስፖርት ሠርተው ዛፍ ሥር ያረፉ ሰዎች መካከል ቆሜ፣ ሻዩ ጉልበት ይሰጣል፣ ግፊት ያወርዳል እያልኩ ጀመርኩ። አንዱ ሰውዬ ላቡን እየጠረገ «እህቴ፣ ጉልበት የሚሰጥ ከሆነ አንቺን ምን ያስለከልክሻል?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ። ስንወርድ እጄን ይዘሽ «በርቺ፣ እኔም እንዲህ ነው የጀመርኩት» አልሽኝ። ያቺን እጅ አምኜ ነው ስምንት ወር የዞርኩት።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ሐጂያ ሀውላ ዘንድ ሄድኩ። እናትሽን እስከ ትናንት ግዙኝ ብዬ አልጠየቅኋቸውም ነበር፤ የቤት ሰው መስለውኝ ለመጨረሻ አስቀርቻቸው ነው። ጨዋታ ከያዝን በኋላ የሻዩን ካርቶን አወጣሁ። እጄን ያዙኝ።

«አስረሳሽ ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ። ፋዲላ ከልክላኛለች።»

«ምን ብላ?»

«‹ኡሚ፣ ከግፊት መድኃኒትሽ ጋር አይሄድም፣ እንዳትቀምሺው› ብላ ነዋ። ምነው፣ አልነገረችሽም? አብራችሁ አይደል የምትሠሩት?»

«መቼ ነው የከለከለችዎት?»

«ኧረ ቆየ፣ ወላሂ። ረመዳን ሳይገባ ነው።»

ካርቶኑን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ከፋሲካ በኋላ ቤቴ መጥተሽ ለእናቴ ሻዩን በገዛ እጅሽ አፈላሽላት። ጠረጴዛው ላይ ቦታ ስታጪ የግፊት ኪኒኗን አንስተሽ ኩባያውን እዚያ አስቀመጥሽ። «ይሄን ይጠጡ እንጂ ኪኒኑን ራስዎ ይረሱታል» አልሻት። እኔ ከጎንሽ ቆሜ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ያኔ ታውቂ ነበር። ለእናትሽ ከነገርሻቸው ሁለት ወር አልፎ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አስፈቅጄ እናቴን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል። ነርሷ ኪኒኑን መቼ እንዳቆመች ስትጠይቃት «ከሰኔ ጀምሮ» አለች። «ማን አቁሚ አለሽ?» ስትላት ወደኔ አየች እንጂ ስምሽን አልጠራችም። ነርሷም ወደኔ ዞረች። አስተማሪ መሆኔን አልነገርኳትም።

ታክሲ ላይ የእኔንም ደንበኞች አሰብኩ። ካመኑኝ ሰዎች መካከል ማን ኪኒኑን እንዳቆመ አላውቅም። አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም። ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ ላንቺ አልሰጥሽም።

«ታዲያ ዛሬ ቢሮው ምን ትሠሪያለሽ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ለትሕትና ቃል ገብቻለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ውሸት ነው። ስምንት ወር ሙሉ የሰው ፊት አይቼ ባዶ እጄን መቅረት ከብዶኝ ነው። እሷን አስመዝግቤ ከዚያ በኋላ እተዋለሁ እያልኩ ነበር።

አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ ሳለ፣ ትሕትና ደወለች።

«ቲቸር አስረሳሽ፣ ተመዘገብኩ?»

«ገና ነኝ።»

«እሺ። አንድ ካርቶን ለእናቴ ያዢልኝ በናትሽ። እሷም ግፊት አለባት።»

«አይሆንም።»

«ውይ፣ አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም። አይሆንም፣ ትሕትና። ላንቺም አይሆንም። መታወቂያሽን እመልስልሻለሁ።»

«በምን አስቀየምኩሽ?» አለችኝ። መጥቼ እነግርሻለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስትመጪ ጠረጴዛዬን ከጎንሽ አንስቼ ታገኛለሽ። ልታናግሪኝ አትምጪ፤ መጀመሪያ እናቴ ዘንድ ሂጂና ለሐጂያ የነገርሻቸውን ንገሪያት። ከዚያ በኋላ ብትመጪ አዳምጥሻለሁ። ይቅር እልሻለሁ ግን አላልኩም።

ቁጥሬ ተጠራ። ቁጥር የምትጠራው ልጅ «አርባ ሦስት! አርባ ሦስት የለም?» እያለች ነው። አጠገቤ ያለው ሰው «እህት፣ ያንቺ አይደል እንዴ?» አለኝ። ተራዬን ለእሱ ሰጥቼው ተነስቻለሁ፤ ይህችን መስመር በሩ ላይ ቆሜ ነው የጻፍኳት። ወጣሁ።

አስረሳሽ