ሱፉ ውስጥ የጨመርኩት

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

አልጠጣም አለች፤ አለቀ። ብርጭቆውን ሳትነካው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪሙ "አጥንትዎ ሳስቷል፣ ወተት ይጠጡ" ሲላት እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ግን በፍልሰታ ጾም ለእማዬ ወተት ማቅረብ! ይኸው ከጠዋት ጀምሮ አኩርፋኛለች።

እግሯ ከተሰበረ ሁለት ሳምንት ሞላው። እንጦጦ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስትወርድ ጭቃው አዳለጣት። እስከ ጉልበቷ ጀሶ ነው። እዚያው ያለውን ቤቷን ቆልፌ እዚህ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም አመጣኋት፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ሁለት ወጣቶች በወንበር ተሸክመው አወጧት። እኔም የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቤት ዋልኩ። እረፍት መሆኑ ነው።

ለንስሐ አባቷ ደወልኩ። አባ "የታመመ ሰው ይፈቀድለታል፣ ትጠጣ" አሉ። ስልኩን ሰጠኋት። "አባ፣ የታመመው እግሬ ነው፤ ሆዴ ደህና ነው" አለቻቸውና መለሰችልኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንድትጾም ማስማማታቸውም ትልቅ ነገር ነው። ለኪዳነ ምሕረት ልትቆርብ ቆርጣለች። "ተሸክማችሁም ቢሆን ታደርሱኛላችሁ" ትላለች። በነሐሴ አሥራ ስድስት፣ በዚያ ዳገት፣ በዚያ ጭቃ።

እሺ ብላ የምትጠጣው ሱፍ ብቻ ነው። መውቀጥ ስጀምር የታችኛዋ ጎረቤት መጥታ "እህቴ፣ ጣሪያው ሊወርድብን ነው" አለችኝ። በጁስ መፍጫ ፈጨሁት። እማዬ ገና ከመቅመሷ "ይሄ አልተወቀጠም" አለች።

ደክሞኛል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

አደረግሁት። ሱፉን አመስኩ፣ ፈጨሁ፣ በጠብጬ አጠለልኩ። ከዚያ ሁለት ማንኪያ የዱቄት ወተት ጨመርኩበት። ሱፉም ነጭ፣ ወተቱም ነጭ። ማን ይለየዋል?

ለራሴ የነገርኩት ይህ ነው። አንደኛ፣ ሐኪሙ አዟል። ሁለተኛ፣ አባ ፈቅደዋል። ሦስተኛ፣ ካላወቀች ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ለምጄዋለሁ።

አራተኛውን ለማንም አልነገርኩም። ልጆች ሆነን ላም ነበረችን። እማዬ ሌሊት ተነስታ ታልባለች፤ ለእኛ ለአራታችን በየኩባያችን ትቀዳለች፣ የቀረውን ለደንበኛ ትልካለች። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ወተት ስትጠጣ አላየሁም። ለእኛ ብላ። አሁን አጥንቷ ሳሳ ሲሉኝ የገባኝ እሱ ነው፤ የእሷን አጥንት ነው ተቀባብለን የጠጣነው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለአንዴ እንኳ ልመልስላት ብል ምን አለበት?

ጠጣችው። "ዛሬ እንኳ አሳምረሽዋል" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ አፈርኩም። ደስታው በለጠ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ዛሬ ሦስት ማንኪያ። ሁለት ብርጭቆ ጨርሳ "ድገሚኝ" አለች። ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

ግን ሆዷ ይጮኻል። ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ሽንት ቤት ሄደች። መሄድ ማለት እንዲህ ነው፤ እኔ ከአልጋ አነሳታለሁ፣ ክራንቿን ታስተካክላለች፣ አንድ እርምጃ፣ እረፍት፣ አንድ እርምጃ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ መዞር። ስንመለስ ሁለታችንም አልጋው ላይ ቁጭ ብለን እናለከልካለን። ከዚያ ደግሞ "ልጄ፣ አንሺኝ" ትላለች።

ጎመኑን ጠረጠርኩት። ውሃውን ጠረጠርኩት። ውሃ አፈላሁ፣ ጎመኑን ጣልኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ልትወድቅብኝ ነበር። ጠዋት፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ፣ ክራንቹ እርጥቡ ላይ ሸተት አለ። ቀሚሷን ከኋላ ያዝኩት፤ ስፌቱ ተቀደደ፣ እሷ ግን ተረፈች። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልን። እማዬን ስታለቅስ ያየኋት አባቴ የሞተ ጊዜ ብቻ ነበር። ዛሬ አለቀሰች። "እንዲህ ሆኜ ኪዳነ ምሕረትን እንዴት እደርሳለሁ?" አለች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን "ሱፉን አምጪልኝ፣ እሱ ነው የሚያቆመኝ" አለችኝ። አቅም ያስፈልጋታል ብዬ አራት ማንኪያ ጨመርኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ጨመርኩ።

ከዚያ እማዬን እንቅልፍ ሲወስዳት ፈቃዴን ለማስረዘም ጉርድ ሾላ ወደ መሥሪያ ቤት ሮጥኩ። ሰላም፣ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ የምትጋራኝ ልጅ፣ የሶያ ማኪያቶዋን ይዛ ተቀምጣለች።

"ጎበዝ፣ ዘንድሮ ጾምሽ ጠብቋል" አልኳት።

"ኧረ የምን ጾም! እኔ ዓመቱን ሙሉ ሶያ ነኝ። ወተት ከጠጣሁ ሆዴ ተነፍቶ ሽንት ቤት ነው የምውለው፤ ሪያሊ፣ ቢሮ መግባት አልችልም።"

የፈቃድ ቅጹን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። "ምነው ገረጣሽ?" አለችኝ። ቅጹን አስገብቼ ወጣሁ። ታክሲው መሪ እስኪደርስ ድረስ የቆጠርኩት ማንኪያ ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቤት ስገባ የወተቱን ቆርቆሮ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። እናቴን የሚጥላት እጄ ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ሐኪሙ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። መጀመሪያ የተናዘዝኩት ለእሱ ነው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የብዙ ሰው ሆድ ካደገ በኋላ መፍጨት እንደሚያቅተው ነገረኝ። በሽታ አይደለም አለ፤ ስታቆም ይቆማል፤ እስከዚያ ውሃ በደንብ ትጠጣ።

"ግን እርስዎ አይደሉ ወተት ያሉት?" አልኩት።

"ወተት ብዬ አላቆምኩም። ወረቀቱን አላነበብሽውም?"

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አወጣሁት። ወተት ወይም እርጎ፣ ካልሆነ ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት፣ ሰሊጥ፣ ጎመን፣ ከዚያ ክኒን። ሁሉም ተጽፏል። ክኒኑን መድኃኒት ቤቱ "የለም፣ ሌላ ቦታ ሞክሪ" ሲለኝ "ወተት አለ አይደል" ብዬ የተውኩት እኔው ነኝ። ጎመኑንም ረቡዕ ጣልኩት። ሱፉስ አልኩት። ጥሩ ነው፣ ግን ለአጥንት ብቻውን የወተትን ቦታ አይሞላም አለኝ፤ የሶያውም ቢሆን ካልሲየም የተጨመረበት መሆኑን ካርቶኑ ላይ እንዳይ አስጠነቀቀኝ። ፀሐይም ታግኝ አለ። የነሐሴ ፀሐይ! ሁለታችንም መስኮቱን አየነው። ይዘንባል።

ስወጣ ደግሞ "አንቺም ተመርመሪ፤ የአጥንት ነገር በዘር ይሄዳል" አለኝ። ተራዬ ደርሶ ኖሯል።

ለአባ ደወልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። "ሳታውቅ ነው፣ በእሷ አይቆጠርም። ትቁረብ" አሉ። ተነፈስኩ። "አንቺ ግን ንገሪያት። ከእኔ አትስማው" ሲሉ ትንፋሼ ተመልሶ ቆመ።

ክኒኑን አራተኛው መድኃኒት ቤት አገኘሁት። ሶያውንም ገዛሁ። ዛሬ ግን አልነገርኳትም። አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ሆዷ ረጋ። ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ተነሳን። ፊቷ መለስ ሲል ሳይ ዝም ብዬ ላልፈው አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አላደረግሁትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት።

ትራሱን ተደግፋ ቀና አለች። "ስንት ቀን?"

"ሦስት።"

"ያ ሁሉ ሽንት ቤት መመላለስ…"

"አዎ እማዬ።"

ከዚያ የላሟን ነገር አነሳሁ። ለእኛ ብለሽ ሳትጠጪ ኖረሽ፣ አሁን እንኳ ልመልስልሽ ብዬ ነው አልኳት።

እማዬ ትክ ብላ አየችኝ። "ማን ነው ለእናንተ ብላ ያለሽ? ወተት እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ አይችለውም። አሬራው ነበር የሚስማማኝ፤ ጓዳ ውስጥ እየጠጣሁ አይደል የኖርኩት?" ቀጥላም "ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር" አለች።

አርባ ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ዕዳ ባለቤት የለውም። መሳቅ አምሮኝ ነበር፤ ግን ፊቷ አያስቅም።

ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ከሰዓት በኋላ ውሃ ሰጠኋት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ በብርሃኑ አየችው፤ ከዚያ ጠጣች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

"ሙቀጫውን አምጪው" አለችኝ ጠዋት። የታችኛዋን ጎረቤት አስታወስኳት። "ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፊ። ከእንግዲህ የምጠጣውን ራሴ ነኝ የምወቅጠው።"

ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ጀሶውን ትራስ ላይ ዘረጋሁ። ሱፉን እኔ አመስኩት፣ እሷ እያየች። ከዚያ ዘነዘናውን ተቀበለችኝና መውቀጥ ጀመረች። ከመጣች ወዲህ ይህን ያህል ጊዜ ከአልጋ ወርዳ አታውቅም።

ጎረቤቷ መጣች። በሩን ስከፍት አፏን ለወቀሳ ከፍታ ነበር፤ እማዬን ከነጀሶዋ ስታያት "እናቴ፣ እግዜር ይማርዎት" ብላ ወረደች። ቆይታ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ አመጣችልንና ከሙቀጫው ሥር አደረግነው።

ሶያውንም አልከለከለችም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። "ወተት የለበትም?" የለበትም። "በእመቤቴ?" በእመቤቴ። አንድ ብርጭቆ ጠጣች፤ ክኒኑንም ዋጠች። ለኪዳነ ምሕረት አምስት ቀን ቀርቷል። ማን እንደሚሸከማት አላውቅም፤ ከአንደኛው ወገን እኔ እንደምሆን ግን አውቃለሁ።

ሱፉን ራሷ አጠለለችው። ሁለት ብርጭቆ ቀዳች። አንዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"ጠጪ። የአንቺም አጥንት የእኔው ነው።"

ብርጭቆውን አነሳሁ።

"ወደ መስኮቱ አድርገሽ እይው" አለች፣ "ምንም አልጨመርኩበትም።"

ትሳቅ አትሳቅ አላወቅሁም፤ ወደ ሙቀጫው አጎንብሳ ነበር። ሳላየው ጠጣሁት።