የአባዬ ጥሩምባና የሰዓቱ ሞላ

ሰኞ
ለካስ የተበጠሰው ሞላው ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ጥሩምባው ራሱ የሞተ ይመስለኝ ነበር። ባሌ አያሌው ከብየዳ ቤቱ ቶሎ ገብቶ የአባዬን ጥሩምባ ፈታታው። የድሮ የእንግሊዝ ነው፣ ለኦርኬስትራ የተሠራ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ሳለ አስተማሪው ትቶለት ሄደ። የሚጫን ቁልፍ የለውም። ቱቦውን በሁለት ጣት ወደ ራስ ሲስቡት ድምፁ ይወርዳል፤ ሲለቁት ሞላው ይመልሰዋል። እማዬ ከመደቡ ላይ ሆና «አንድ ጊዜ ሰምቼው ልሙት» አለች። ከታመመች ወዲህ ሌላ ነገር ጠይቃን አታውቅም።

ማክሰኞ
ሞላ ፍለጋ። የብስክሌት፣ ጠነከረ። ላስቲክ፣ ላላ። በመጨረሻ ባሌ የሠርጋችንን የግድግዳ ሰዓት አየት አደረገ። «ቆሟል እኮ» አለኝ። ቆሟል፣ ግን ያምራል! ተጨቃጨቅን፣ ተሸነፍኩ። ሲከፍተው ጉድ ነው፤ ከጥሩምባው የወጣው የተበጠሰ ሞላም የሰዓት ሞላ ኖሯል።

ረቡዕ
የጥሩምባው ቱቦም እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል፤ አያሌው እሱን ሊተካ ሌላ የናስ ቱቦ በእሳት አለሰለሰ። ደረቅ አሸዋ ጠቅጥቆበት ቀስ እያለ አጠፈው። ያለ አሸዋ ይጨፈለቃል አለ። የመጀመሪያው ተሰበረ። ሁለተኛው ሳይሰበር ታጠፈ።

ሐሙስ
ተሠራ! ግን ማን ይንፋው? አያሌው ሞከረ፣ የበግ ሳል ወጣው። የኔማ አይነሣ። ለመንፋት አፍ ያላቸው የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ብሬ ናቸው። ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብለዋል።

ዓርብ
ሳቄ ገና አልቆመም። ጋሽ ብሬ ግቢያችን መሐል ቆመው ነፉ። ድምፁ ረጅም፣ ለስላሳ፤ ነፍስ ውስጥ ይገባል። ችግሩ፣ እሳቸው የሚያውቁት የመርዶውን ብቻ ነው። ወዲያው ጎረቤታችን ዘውዴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ገባች። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመው ተከተሏት። እማዬ ከመደቡ ቀና ብላ «ማነው የሞተው?» አለች።

ዘውዴ ጣቷን ወደ እማዬ ቀሰረች። «አንቺ ነሻ!»

እማዬ እስኪያስላት ሳቀች። ለቀስተኛውን ሁሉ አስቀመጠችና ድገሙት አለች። አሁን አያሌው ለጋሽ ብሬ ቱቦውን መሳብ አሳያቸው። ድምፁ ወረደ፣ ለቀቁት፣ ሞላው መለሰው። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከአባዬ ጋር የምታወራ መሰለኝ፣ አልጠየቅኳትም።

የእድሩ ዳኛ ተቆጥተዋል። ሁለተኛ ሳታሳውቁ እንዳትነፉ ብለዋል። እማዬ ደግሞ «እንግዲህ የእውነት ስሞት ማን ያምናችኋል?» ትላለች። ጋሽ ብሬን ለእሁድ ቀጥራቸዋለች። እስከዚያ አልሞትም ብላለች።