ስም የማይጠይቅ ወረቀት

ካርቱም፣ ዴም
ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለዘምዘም ይማም
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከረማችሁ? እማዬን ወገቧን ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አጎታችን ኑርሁሴንም ደህና ነው፤ የምጽፍልሽ እሱ ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጬ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ፋርማሲ ካንቺ ጋር ልማር፣ ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ? እውነቱን ጻፊልኝ» ብለሻል። ሦስት ዓመት ሙሉ «ሁሉም ይወደኛል» እያልኩ ስጽፍልሽ ኖሬ፣ እውነት ስትጠይቂኝ እጄ ተሳሰረ። እንግዲህ ስሚ፤ ይህን ግን ለእማዬ እንዳታነቢላት።

ፋሪሃ የምትባለውን የክፍል ጓደኛዬን ታውቂያታለሽ፤ ስንት ጊዜ አወድሼልሻለሁ! ባለፈው ወር ለፈተና እንድናጠና አምስታችንን ሪያድ በሚሉት የካርቱም ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ጠራችን። ሻይ ቀረበልን፣ ጠጣን። እኔ ሞኟ፣ እማዬ እንዳሳደገችን፣ ባዶ ብርጭቆ እያዩ መቀመጥ ነውር መስሎኝ ተነሳሁና ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ። እኛ ቤት ቢሆን «ያሳደገሽ ይባረክ» ተብዬ እመረቅ ነበር።

የፋሪሃ እናት ከውጭ ስትገባ ማጠቢያው ጋ አገኘችኝ።

«ደላላው የላከሽ አንቺ ነሽ? ያላ ያ ቢት፣ ቶሎ በይ አንቺ ልጅ፣ እሱን ስትጨርሺ መታጠቢያ ቤቱን ትወለውያለሽ።»

«ላ፣ ያ ኻልቲ! አይደለሁም አክስቴ፣ ተማሪ ነኝ። ከፋሪሃ ጋር ነው የምማረው።»

ሳቀች። ወደ ሳሎን ዞር ብላ፣ «ፋሪሃ! ይቺ ሐበሺያ ካንቺ ጋር እማራለሁ ትላለች፣ እውነት ነው?» ስትል ጮኸች።

ልጆቹ ይስቃሉ። ፋሪሃ ቀና ብላ አየችኝና «ኸላስ ዩማ፣ በቃ እማ፣ ተያት፤ እሷ ሥራ ትወዳለች» አለች። እውነት ነው አላለች፣ ውሸት ነው አላለች።

እኔስ? ብርጭቆዎቹን አጥቤ ጨረስኩ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው ዘሚ፣ አጥቤ መጨረሴ!

በሳምንቱ ዶክተር ሂሻም የሚባለው አስተማሪያችን በየዓመቱ የሚታደለውን መጠይቅ አደለን። «ከሌሎች ተማሪዎች እኩል እንደምትታይ ይሰማሃል?» ይላል። ስም አይጠይቅም፤ አገር ግን ይጠይቃል። ከፋኩልቲው ደግሞ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። «ኢትዮጵያ» ብዬ ከጻፍኩ ወዲያ ስሜ ቢቀር ምን ሊጠቅመኝ? ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል፣ ፈተናዬንም የሚያርመው እሱ ነው። «በጣም ይሰማኛል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከጎኔ የተቀመጠው፣ በገዛ አገሩ እንደኔ የሚናቀው የኑባ ልጅ አየኝና የራሱን ወረቀት ባዶውን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ትናንት ውጤቱ አዳራሽ ውስጥ ተነበበ። ዶክተሩ «እኛ ዘንድ ዘር መለየት የለም፤ ሐበሺያ እህታችን እንኳን መስክራለች» አለና በእጁ አመለከተኝ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው ፋሪሃ ናት። እኔም ፈገግ አልኩላቸው።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት አትምጪ ልልሽ ነበር። ግን ትምህርቱ ትምህርት ነው፣ ማንም ከጭንቅላትሽ አውጥቶ አይወስድብሽም። እኔም ብቻዬን መሆን መረረኝ። ነይ። ሰው ቤት ሻይ ሲቀርብልሽ ጠጪና ብርጭቆሽን እተቀመጠበት ተዪው፤ ነውሩን እኔ እሸከምልሻለሁ። በሚመጣው ዓመት መጠይቁ ሲታደል ሐበሻ ሁለት እንሆናለን። አንዳችን «በጣም ይሰማኛል» እንላለን፣ አንዳችን እውነቱን እንጽፋለን፤ የትኛዋ ምን እንዳለች ሲለዩ ይዋሉ። ውሸቱን አንቺ ትጽፊያለሽ። እኔ ድርሻዬን ጨርሻለሁ።

አላህ በሰላም ያገናኘን፤ ለእማዬም ጤናዋን ይስጥልን። ደብዳቤው ምን ይላል ብላ ከጠየቀችሽ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበላት በያት። እሱ ውሸት አይደለም።

እህትሽ
ሙኒያ ይማም