ጠላሽን የተጸየፈ አፍ

ይድረስ ለባለቤቴ ለብርቄ፤

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ። እንደምን አለሽ እንዳልልሽ፣ ካለሽበት ይልቅ የከፋው እኛ ያለንበት ነው።

ሆዴን ያነደደውን ላስቀድም። የሚጥል በሽታሽ ከታወቀ ወዲህ የማርያም ማኅበር ተራችን በደረሰ ቁጥር፣ ለሃጯ ጠላው ውስጥ ይገባል እያሉ ሲዘሉን ታስታውሻለሽ። በመጨረሻው ቀን ምንጩ ዳር ስትወድቂ፣ ውሃ ሊቀዱ የወረዱት ሴቶች እንስራቸውን ጥለው ሸሹ። ፊትሽን ከውሃው ቀና የሚያደርግ አንድ እጅ ጠፋ። ቀብርሽ ላይ ደረታቸውን የደቁት እነዚያው ናቸው። በአርባሽ እህትሽ በአንቺው ጌሾ፣ በአንቺው ጋን ጠመቀች፤ ጠላሽን የተጸየፈ አፍ ሁሉ የተዝካርሽን ጠላ ጨለጠ። ጣፈጠን ብለው አስደገሙ። ለእኔ ግን አንድ ጉንጭ እንኳ አልወረደልኝም።

አሁን ደግሞ ልጃችን አለሚቱ መውደቅ ጀመረች። ሰቆጣ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ኪኒኑን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ፣ ስትወድቅ ክብሪት እንዳናሸታት፣ በጎኗ እንድናስተኛት፣ እሳትና ገደል አጠገብ ብቻዋን እንዳትሆን፣ እንቅልፏንም እንድትጠግብ ነገሩን። ጸበሉን ልትተው ነው ወይ ብዬ የንስሐ አባታችንን ብጠይቃቸው፣ ጸበልና ኪኒን አይጣሉም፣ ኪኒኗን በጸበሉ ትዋጠው አሉኝ። ያኔ ለአንቺም እንዲህ ያለን ሰው ቢኖር!

መውደቋ እየራራቀ ነው። ኪኒን ግን ጎረቤት አይሆንም፤ ጓደኞቿ አብረዋት ውሃ መውረድ ትተዋል። የሐኪሙን ቃል በየቤቱ እየዞርኩ ብናገርም ጆሮ የሰጠኝ ያለ አልመሰለኝም። የማኅበሩ ተራ ሲደርሰንም የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴው፣ ልጅቱ ትረፍ፣ ተራው ይለፋችሁ ብሎ ላከብኝ። ደግነቱ ነው አሉ። እኔ ግን ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ «ጋኑ የእናቷን ተዝካር የጠጣችሁበት ጋን ነው» አልኩት። ተራችንን መለሰልን።

አለሚቱ ጠመቀች፤ እነሱም መጡ። የንስሐ አባታችን ባርከው ቀድመው ጠጡ። የቀሩት ዝንብ የገባበት ይመስል ዋንጫቸውን እያዩ ተቀመጡ። እኔ ወጣ ባልኩበት ልጅሽ እየቀዳች ሳለች በሽታው ጣላት። ሁሉም ወደ ግድግዳው ተጠጋ። እኔ ከደጅ ሮጬ ስገባ አንዲት ሴት ነጠላዋን አጥፋ ከአለሚቱ ራስ ሥር አድርጋ፣ በጎኗ አስተኝታ፣ ለሃጯን በእጇ ትጠርጋለች። ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ጎረቤታችን ካሳዬ፣ ከምንጩ ዳር ከሸሹት አንዷ።

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ይቅር አላልኳትም። አለሚቱ ስትነቃ ግን ለካሳዬ ጠላ ቀዳችላት፣ ካሳዬም ጠጣች። ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ ጠጡ። እኔ ግን እነሱን ለማመን ገና ነኝ።

የካሳዬን ነጠላ አለሚቱ አጥባ አጥሩ ላይ አስጥታዋለች፤ ሲደርቅ ይዛላት ትሄዳለች። ብርቄ፣ ምንጩን እስክሞት አልረሳውም። ያን ነጠላም አልረሳውም።

ባልሽ