የቀጥቃጭ ልጅ ድጎማ

አንኮበር፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ኮሌጁ በትውልዳቸው ለሚገለሉ ተማሪዎች የሚሰጠውን ድጎማ ያገኘው ግርማ ነው። የቄስ ልጅ! ዛሬ ቤታቸው ደጅ ላይ ራሱ ነገረኝ። ለኮሌጁ ጠያቂዎች «አባቴ ቀጥቃጭ ነው፤ ቡዳ እያሉ ይሸሹናል» ብሏቸዋል። የእኔን አባት ታሪክ ነው ያወራላቸው።

አምና ክረምት ወናፋችን አጠገብ ተቀምጦ ስለ ኑሯችን ሲጠይቀኝ፣ የሚያስብልን ሰው አገኘን ብዬ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት። እናቴ ገበያ ላይ የተባለችውን እንኳ አልደበቅሁትም። ለካ ሊያጠና ኖሯል!

«እኔም እኮ አመልክቼ ነበር» አልኩት።

«አንተማ ሲጠይቁህ አቀርቅረህ ዝም አልክ። እኔ ባልወስደው ለሌላ አገር ሰው ይሄድ ነበር» አለኝ፣ ያለ አንዳች እፍረት።

እናቱ ጠላ ይዘው ወጡ። ለእሱ በቤቱ ዋንጫ ቀዱለት። ለእኔ ደጅ የሚሰቀለውን፣ የእኛ ሰው ሲመጣ ብቻ የሚወርደውን ቅል አወረዱልኝ። እንደ ልማዴ ተቀበልኩ። አንድ ጊዜ ጠጣሁና ቅሉን ለግርማ ዘረጋሁለት።

«እንካ፣ የቀጥቃጭ ልጅ!»

እናቱን አየት አደረገና እጁን ወደ ኋላው ሰበሰበ።